የአራዳ ኩርፊያ

አስር አለቃ እሸቴ ሰው ጮክ ተብሎ ከተነገረው ይሰማል ብሎ የሚያምን ወታደር ነበር። እምነቱ የተናጋው አራዳ ሲመጣ ነው። የሶማሊያ ጦር በምሥራቅ የገባበት፣ የእናት ሀገር ጥሪ የታወጀበት ክረምት ነበር። እሸቴ ከግንባር በቁስል ተመልሶ፣ ቀኝ እግሩ አልታጠፍ ብሎት ሆስፒታል ከሰነበተ በኋላ «ለመዋጋት ባትሆን ለማሠልጠን ትሆናለህ» ተባለና ከምኒልክ አደባባይ በታች ካለ አንድ ቀበሌ ተመደበ። ሠልጣኞቹ ፀጉር አስተካካዮች፣ ልብስ ሰፊዎች፣ የቡና ቤት አስተናጋጆች፣ ከአትክልት ተራ የመጡ የሽንኩርት ነጋዴዎችና አንድ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበሩ። መስከረም ከጠባ በኋላ ወደ ምሥራቅ ይዘምታሉ ተብሏል።

የማሠልጠኛው መጽሐፍ ስለ ገላጣ ሜዳ ነበር የሚያወራው። ለእሸቴ የተሰጠው ግን ከአንድ ነጋዴ የተወረሰ ግቢ ነው፤ ያውም መሐሉ ላይ የሰፈሩ ሁሉ ውኃ የሚቀዳበት ቧንቧ የተተከለበት። እሱ «በደረትህ ተሳብ!» ሲል ሠልጣኞቹ በእንስራና በባልዲ መካከል ይሳባሉ። ወረፋ የያዙት ሴቶችም ዝም ብለው አያዩም። «ኧረ መቀመጫህን ዝቅ አድርግ፣ እንኳን ጠላት እኛም አየንህ!» ይሉታል አንዱን። እሸቴ መጀመሪያ ተቆጣ። ኋላ ግን ልብ ብሎ ሲያይ፣ መቀመጫው በእርግጥም ከፍ ያለ ነበር።

ልጆቹ ሰነፎች አልነበሩም። መሳቡን ለመዱት፣ ከእንጨት በተጠረበ ጠመንጃ ማነጣጠሩንም ለመዱት። አንድ ነገር ብቻ እምቢ አላቸው፤ መራራቅ። የአራዳ ሰው ብቻውን መሄድ አያውቅም። ወሬ አለው፣ ወሬ ደግሞ ጆሮ ይፈልጋል፣ ጆሮ ደግሞ ቅርብ መሆን አለበት። እሸቴ «ተበተን!» ሲላቸው እንደ ደንቡ ይበተናሉ። ጥቂት እንደሄዱ ግን አንዱ ክብሪት ፈልጎ ወደ ሌላው ጠጋ ይላል፣ ሦስተኛው ምን እንደሚባባሉ ሊሰማ ይመጣል፣ አራተኛው «ምን ሆናችሁ?» ብሎ ይጨመራል። ግቢውን ዞረው ሲመለሱ ሠርገኛ መስለው ነው።

ድንጋይ ደርድሮ ቦታ ቦታ ሰጣቸው፤ ድንጋዩን ገፍተው ተጠጋጉ። በቅጣት አስሮጣቸው፤ ጎን ለጎን ሆነው እየተጽናኑ ሮጡ። ድምፁ እስኪዘጋ ጮኸባቸው፤ በማግስቱ ጠዋት አንዱ አስተናጋጅ በብርጭቆ ማርና ሎሚ ይዞለት መጣ። ይህን ሰው እንዴት አድርገህ ትጠላዋለህ? እሸቴ ሎሚውን ጠጣና ወደ ግድግዳው ዞሮ ለብቻው ተራገመ። የሚራገመው ስለወደዳቸው ነው። ምሥራቁን ያውቀዋል። እዚያ ዛፍ የለም፣ ግድግዳ የለም፤ ያለው ሜዳና ሞርታር ነው። ተጠጋግቶ የሚሄድን ጓድ አንድ አረር ይበቃዋል።

ከሁሉም የባሱት ጌቱና ሽኩር ነበሩ። ጌቱ ፀጉር አስተካካይ ነው፣ ሽኩር ልብስ ሰፊ። ውቤ በረሃ ውስጥ በአንድ ስስ የሳንቃ ግድግዳ የተለያዩ ሁለት ሱቆች ነበሯቸው፤ አንዱ ተረብ ሲጀምር ሌላው በግድግዳው ማዶ ሆኖ ይጨርስለታል። ጌቱ የጊዮርጊስ ልጅ ነው፣ ሽኩር የኑር መስጊድ። ሥጋቸው ለየብቻ ስለሆነ ምሳቸው ዓመቱን ሙሉ ሽሮ ነበር፤ ሁለቱም ለየብቻ ሥጋ ከመብላት አብሮ ሽሮ መብላትን መርጠው ነው። መንገድ ሲሄዱ በትንሿ ጣት ተቆላልፈው ነው። በደረት ሲሳቡ እንኳ ጌቱ ሽኩርን ቀና ብሎ «ጉልበትህን አመመህ እንዴ?» ይለዋል።

መፍትሔው የመጣው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከመስኮት ነው። አንድ ቅዳሜ እሸቴ ፒያሳ ካለ ኬክ ቤት ተቀምጦ ማኪያቶውን ሲያማስል፣ ሁለት ሽንኩርት ነጋዴ ሠልጣኞቹን አየ። አንዱ ልጁን ሲድር ሌላውን ሳይጠራው ቀርቶ ተኳርፈዋል። ሁለቱም ወደ አትክልት ተራ ነው የሚወርዱት፤ አንዱ በቀኝ ጠርዝ፣ ሌላው በግራ። የቀኙ ሰው ሰላም ሊል ሲቆም የግራው አንድ ጫማ ቤት ፊት ቆሞ ተረከዙ የረዘመ የሴት ጫማ ያደንቅ ጀመር። የቀኙ ሲነሳ እሱም ተነሳ። ዓይናቸው አንዴም አልተገናኘ። ግን አንዱ ሌላውን ለአፍታ እንኳ አልጣለውም፤ መኪና ሲከልላቸው የግራው አንገቱን አስግጎ ፈለገው፣ ሲያገኘው ደግሞ ቶሎ ፊቱን አዞረ። እሸቴ ማኪያቶውን ሳይጨርስ ተነስቶ ቆመ። አስተናጋጇ ያመመው መስሏት ወንበር ሳበችለት።

ሰኞ ጠዋት ሠልጣኞቹን አሰለፈና ደረቱን ነፍቶ ጮኸ።

«ተኳረፉ!»

ሠልጣኞቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ አንዱ ፈነዳ፣ ሌላው ተከተለ፣ ወረፋ ላይ ያሉት ሴቶች ሳይቀሩ ሳቁ።

«ምን ያስቃል?» አለ እሸቴ። «አራዳ ነን ትላላችሁ አይደል? ኩርፊያ አስተምሩኝ እስቲ፣ እኔ ፋራው። ያኮረፍከው ሰው አጠገብ ትሄዳለህ?»

«ኧረ ምን ሲደረግ!» አለ አንዱ አስተናጋጅ።

«የት እንዳለ ግን ታውቃለህ?»

«እንዴት አላውቅም! ከማን ጋር እንደቆመ፣ ምን እንደለበሰ፣ መቼ እንደተነሳ።»

«እሱን ነው የምፈልገው። ራቀው፣ ግን አትጣለው። ከወደቀ ቀድመህ የምታውቀው አንተ እንድትሆን። ተኳረፉ!»

ተኳረፉ። እንዴት ያለ ኩርፊያ! አንዱ አገጩን አነሳ፣ አንዱ ትከሻውን ሰበቀ፣ የጂኦግራፊ አስተማሪው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ሰማይ ሰማይ ያይ ጀመር። ግቢውን ሞልተው፣ ተራርቀው፣ አንዳቸውም ሳይጠጉ አንዳቸውም ሳይጠፉ ዞሩት። እሸቴ በሽተኛ እግሩን ረስቶ ሊዘል ምንም አልቀረው።

ጌቱና ሽኩር ግን ተቆላልፈው መሐል ላይ ቆመው ነበር።

«እናንተስ?»

«አስር አለቃ፣ ይቅርታ ያድርጉልን» አለ ጌቱ። «ሞክረን ነበር። ሳቄ መጣ።»

«እኔ ከሱ ጋር በምን ልኳረፍ?» አለ ሽኩር፣ ከልቡ ግራ ገብቶት። «ወላሂ፣ ተኳርፈን አናውቅም።»

ነሐሴ ሲጋመስ ሥልጠናውን የሚመረምር አንድ መኮንን መጣ፤ ሻምበል አጽብሐ ይባላል። እሱም እንደ መጽሐፉ «ተበተን!» ብሎ አዘዘ። ሠልጣኞቹ ማን ወዴት እንደሚሄድ ለመመካከር አንድ ላይ ተሰበሰቡ። ሻምበሉ እሸቴን ገልመጥ አደረገው።

«ይፈቀድልኝ፣ ጓድ ሻምበል?» አለ እሸቴ፤ ፈቃዱንም ሳይጠብቅ «ተኳረፉ!» አለ። ሠልጣኞቹ ወዲያው ተራርቀው ግቢውን ሞሉት።

ሻምበሉ ከዳር እስከ ዳር አያቸው። አፉን በመዳፉ ሸፍኖ ነበር። «ይህ የየትኛው ጦር ትእዛዝ ነው?»

«የአራዳ ነው፣ ጓድ ሻምበል።»

«መጽሐፉ ላይ የለም።»

«የለም። መጽሐፉን የጻፈው ሰው ከነዚህ ጋር አልኖረም።»

ሻምበሉ ይቆጣል ሲባል ሳይቆጣ ቀረ። እሱም ምሥራቁን ሳያየው አልቀረም። ሊሄድ ሲል ግን በጣቱ መሐሉን አመለከተ። «እነዚያ ሁለቱስ? ለሁለት አንድ ጥላ ነው ያላቸው። እስክመለስ ካልተራራቁ አንዱን ለሌላ ጦር እሰጠዋለሁ።»

እሸቴ ያን ቀን ምሳ አልበላም። ሻምበሉ እውነቱን ነው። ግን ጌቱን ከሽኩር ነጥለህ የማያውቀው ጦር ውስጥ ብትጥለው፣ ልቡ ሽኩር ጋ ሆኖ እግሩ የት እንደሚረግጥ አያውቅም፤ ሽኩርም እንደዚያው። አብረው ከተጠጋጉ አንድ ሞርታር ይፈጃቸዋል፣ ከተለያዩ ሁለት። አብረው እየተራራቁ እንዲሄዱ ማድረግ አለበት። ሌላ መንገድ የለም።

በነጋታው ጢሙን ለመላጨት ብሎ ጌቱ ሱቅ ሄደ። እውነቱን ለመናገር የሄደው ሊያጣላቸው ነው። መንገድ ላይ ውሸቱን አሰናድቷል፤ «ሽኩር ስላንተ እንዲህ ሲል ሰማሁት» ሊል ነው። ጌቱ አገጩን በሳሙና አረፋ ሸፈነለት፣ ምላጩን ሳለና ጉሮሮው ላይ አሳረፈ። ሰው ጉሮሮው ላይ ምላጭ ተይዞ ስለ ባለምላጩ ወዳጅ መዋሸት እንደሚከብደው እሸቴ ያን ጊዜ ገባው። ቢሆንም ጀመረ።

«ሽኩር ትናንት...»

«አቤት!» አለ ሽኩር በግድግዳው ማዶ፣ የስፌት መኪናውን አቁሞ። «ጠሩኝ፣ አስር አለቃ?»

እሸቴ ዓይኑን ጨፈነ። ሲገልጠው ሽኩር ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ በሩ ላይ ቆሟል። ውሸቱ ጠፋበት። እንደ ተቀመጠ፣ አረፋው ፊቱ ላይ እየደረቀ፣ እውነቱን ነገራቸው። «ግንባር አብረውኝ የነበሩ ሁለት አብሮ አደጎች ነበሩ። እንደናንተ ነበሩ፤ አንድ ብርድ ልብስ፣ አንድ ኮዳ። እኔም ፍቅራቸው ደስ እያለኝ ዝም አልኳቸው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ አረር ወደቀ። የቱ የማንኛቸው እንደሆነ መለየት አቅቶን አንድ ላይ ቀበርናቸው።»

ጌቱ ምላጩን ጠረገ። ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«እወዳችኋለሁ» አለ እሸቴ። እንዲህ ያለ ቃል ለወንድ ተናግሮ አያውቅም፤ ድምፁ እንደ ትእዛዝ ጮክ ብሎ ነው የወጣው። «እዚያ ልቀብራችሁ አልፈልግም። ከተዋደዳችሁ ተራራቁ።»

ሽኩር ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ እጁ ላይ ይጠቀልል ጀመር። «እሺ» አለ በመጨረሻ። «ግን በምን እንኳረፍ?»

«ሱሪዬን አበላሽቶብኛል ልበል?» አለ ጌቱ።

«እኔ ሱሪ አበላሽቼ አላውቅም!» አለ ሽኩር ከምር ተቆጥቶ።

«አየህ፣ ከአሁኑ ተጀመረ» አለ ጌቱ፤ ሲናገር ግን ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መለማመጃቸው መንገዱ ሆነ። ከአደባባዩ ተነስተው ወደ ሰፈር ሲወርዱ አንዱ በአንዱ ጠርዝ፣ ሌላው በሌላው። መጀመሪያ ሰሞን ጌቱ ሳያስበው አስፋልቱን ይሻገርና መሐል ላይ ደንግጦ ይመለሳል። ውሎ አድሮ ግን ለመዱት። ምሳቸውንም ለየብቻ በሉ። እሸቴ በሩቁ እየተከተለ ሲያያቸው ደስ ይለዋል፤ ደስ ማለቱ ደግሞ ያሳዝነዋል።

ያልገመተው ሰፈሩን ነው። የሰፈሩ ሰው ጌቱና ሽኩር ተጣሉ ሲባል መጀመሪያ አላመነም፣ ቀጥሎ አለቀሰ፣ ከዚያ ሽማግሌ ሰበሰበ። የሰበሰቡት ወይዘሮ ዘቢደር ናቸው፤ የሁለቱ ሱቆች ባለቤት የነበሩ፣ ቤቱ ሲወረስ ኪራዩ ቀርቶባቸው ሁለቱን ልጆች ግን እንደ ራሳቸው የያዙ ሴት። አንድ ቤት ውስጥ ጥቂት ሰው መሰብሰቡ ራሱ በሚያስጠይቅበት ዘመን፣ እሳቸው በጠራራ ፀሐይ የሰፈሩን ቄስ ታላቅ ወንድም አቶ ገብረክርስቶስንና ከመስጊድ ሼህ ኡመርን አስከትለው፣ ጌቱንና ሽኩርን ከየሱቃቸው እጃቸውን ይዘው ወስደው ምንጣፍ ላይ ፊት ለፊት አስቀመጧቸው። ወዲያውም ሰው ልከው እሸቴን አስጠሩት፤ ያጣላቸው እሱ ነው ብሎ ጥርጣሬውን ያልነገራቸው አልነበረም።

«አንተ ነህ እነዚህን ልጆች ያጣላህ?» አሉት ገና ከበሩ።

«እማማ፣ የውትድርና ጉዳይ ነው...»

«የውትድርና ጉዳይ ከሶማሌ ጋር ነው! ጌቱ ከሽኩር ጋር ምን አለው?» አሉ። «ይህ ሰፈር ስንት ነገር አየ። ስንቱ ሰው ከጎረቤቱ ጋር መነጋገር ፈራ። እነዚህን ሁለቱን ሳይ ገና ሰው አለ እል ነበር። እነሱንም ልትወስድብኝ ነው?»

እሸቴ ጦር ሜዳ ላይ እንደዚህ ያለ ጥያቄ ተጠይቆ አያውቅም። ኮፍያውን አውልቆ፣ አልታጠፍ ያለ እግሩን ዘርግቶ መሬት ላይ ተቀመጠና ሁሉንም ነገራቸው። ስለ ሜዳው፣ ስለ ሞርታሩ፣ ስለ ሻምበሉ። እየተኳረፉ ከሄዱ አብረው ሊመለሱ እንደሚችሉ ነገራቸው። ሊመለሱ ይችላሉ እንጂ ይመለሳሉ አላለም።

 ሼህ ኡመር መቁጠሪያቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ዘቢደር ሁለቱን ልጆች ተራ በተራ አዩዋቸው፤ ጌቱ አንገቱን ደፍቷል፣ ሽኩር ጥፍሩን ይበላል።

«እንግዲህ ሽምግልና ነው የተቀመጥነው» አሉ በመጨረሻ። ድምፃቸው እንደ ዳኛ ረጋ ብሎ ነበር። «ጉዳዩን ሰምተናል። ዛሬ አናስታርቅም። ቀጠሮ ሰጥተናል።»

«ለመቼ?» አሉ አቶ ገብረክርስቶስ።

«ለተመለሱ ዕለት። እዚሁ ምንጣፍ ላይ።» ወደ ልጆቹ ዞሩ። «ሁለታችሁም ትቀርባላችሁ። አንዱ ቢቀር ዕርቅ አይባልም። የሽማግሌ ቀጠሮ ደግሞ አይቀርም፤ ሰምታችኋል?»

«ሰምተናል» አሉ ሁለቱም በአንድ ድምፅ፤ ሲወጡም አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ ሄዱ። እንደ እናት የሆኑላቸው ዘቢደር በሩ ላይ ቆመው እስኪጠፉ ድረስ አዩአቸው። ሻምበሉም ሲመለስ ሁለቱን ተራርቀው አያቸውና አለፋቸው።

ኅዳር ላይ ዘመቱ። ካሚዮኖቹ አደባባዩ ዳር ቆመው ሰው ሁሉ ሲላቀስ፣ ጌቱ በካሚዮኑ ፊት፣ ሽኩር በኋላው ተሳፈሩ። እሸቴ ከመሳፈራቸው በፊት የእያንዳንዱን የአንገት ቁልፍ ቆለፈ፤ ቁልፉ ተቆልፎም ነበር።

ጦርነቱ ምሥራቅ ላይ ሲያበቃ የአራዳ ሰዎች ወዲያው አልመጡም። የአንዳንዱ መርዶ ብቻ መጣ። የጂኦግራፊ አስተማሪው የቀረበት ቤት ድንኳን ሳይተከል፣ በዝምታ ተለቀሰ። እሸቴ እየዞረ ለቅሶ ደረሰ፤ ለአስተማሪው እናት «ተራርቆ ይሄድ ነበር፣ ጎበዝ ነበር» አላቸውና ራሱም ከሳቸው ብሶ አለቀሰ። ከዚያ ወዲህ ሥራው አደባባዩ ላይ ቆሞ ካሚዮን ማየት ሆነ።

ሰኔ ላይ፣ ዝናብ አባርቶ አስፋልቱ ሲያበራ፣ ሁለት ሰዎች ከታች ሽቅብ ሲመጡ አየ። አንዱ በቀኝ ጠርዝ፣ ሌላው በግራ። የቀኙ ግራ እጁን በጨርቅ አንጠልጥሏል። የግራው ከስቷል። አንዱ ሲቆም ሌላው ይቆማል። እሸቴ እግሩን እየጎተተ ወደ እነሱ ሄደ።

«አስር አለቃ!» አለ ጌቱ ከቀኝ ጠርዝ፣ ቀድሞ አይቶት። ሽኩርም ከማዶ እጁን አነሳ። አልተሻገረም።

«ምነው?» አለ እሸቴ ጌቱን አንገቱን አቅፎ። «ከምር ተጣላችሁ እንዴ?»

«ኧረ የለም» አለ ጌቱ ወደ ማዶው ሳያይ። «አረሩ መካከላችን ወደቀ። መሐል ላይ፣ አፈሩ ለሁለታችንም ደረሰን። ከዚያ ወዲህ ስንጠጋጋ የሆነ ነገር የሚወድቅብን ይመስለናል። ባቡር ላይም ለየብቻ ፉርጎ ነው የመጣነው። እግራችን እምቢ አለን።»

ዘቢደር ወሬውን ሲሰሙ ነጠላቸውን እንኳ አላስተካከሉም። አቶ ገብረክርስቶስ ተጠሩ፣ ሼህ ኡመር ተጠሩ፣ እሸቴም ተጠራ። ምንጣፉ ተነጠፈ። ጌቱ በአንዱ ጫፍ፣ ሽኩር በሌላው ተቀመጡ፤ እሸቴ ባስተማራቸው ልክ ተራርቀው።

«በቀጠሮው ቀርባችኋል» አሉ ዘቢደር። ሊያለቅሱ ፈልገው ነበር፣ ግን ሥርዓቱን መጨረስ ነበረባቸው። «ደንቡ ነውና እንጠይቃለን። ሽኩር፣ ጌቱ ምን በደለህ?»

ሽኩር የምንጣፉን ጫፍ ሲያሻሽ ቆየ።

«ራቀኝ» አለ።

 ዘቢደር ወደ ሌላው ጫፍ ዞሩ። «ጌቱስ? ሽኩር ምን በደለህ?»

 ጌቱ በደህና እጁ ተደግፎ ተነሳና ምንጣፉን ተሻግሮ ሽኩር አጠገብ፣ ትከሻው ትከሻውን እየነካ ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹ ገና ፍርድ አልሰጡም ነበር፤ ወደ ቦታህ ተመለስ ያለው ግን የለም።